ፍለጋው ያልደረሰበት ጽሑፍ

«አልተገኘም» እና «የለም» የተለያዩ ቃላት ናቸው። ልዩነታቸውን ከማንም ይልቅ ጠንቅቆ የሚያውቀው የቀድሞው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ባለጉዳዩ የፋይል ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ በመስኮቱ ሲያቀብለው፣ ሠራተኛው አቧራ በለበሱት መደርደሪያዎች መካከል ገብቶ፣ ቆይቶ፣ ባዶ እጁን ሲመለስ «አልተገኘም፤ ነገ ተመለስ» ይላል እንጂ «የለም» ብሎ አይደመድምም። ይህ «ነገ ተመለስ» ስንቱን ባለጉዳይ እንዳንከራተተ፣ የስንቱን ጫማ እንደጨረሰ የታወቀ ነው፤ በመድረክም በጽሑፍም ሲተች ኖሯል፤ የተተቸውም በሚገባ ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ አንድ እውነት ነበረው። ፋይሉ ከሌላ ፋይል ጋር ተጣብቆ፣ በሌላ ስም ተመዝግቦ ወይም ከአንዱ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ሊሆን እንደሚችል ሠራተኛው ያውቃል። እጁ ያልደረሰበት መደርደሪያ እንዳለም ያውቃል።

በዚያ ሠራተኛ እግር የተተካው ኮምፒዩተር ግን ይህን ልዩነት አያውቅም። የተጠየቀውን ቃል ካላገኘ፣ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ በንጹሕ ነጭ ገጽ ላይ ከፍለጋው ጋር የሚስማማ ነገር እንደሌለ ያስታውቃል። አያፍርም፤ አያመነታም፤ «ነገ ተመለስ» አይልም። የት የት እንደፈለገና የት የት እንዳልፈለገ አይናገርም። ሰውም ፍጥነቱን ከእውነተኛነት ቆጥሮለት ያምነዋል። ሰው ለሰው «የለም» ቢለው ይከራከረዋል፤ መሣሪያ «የለም» ሲለው ግን ይነሣና መብራቱን አጥፍቶ ይሄዳል።

ነገሩ በተጨባጭ ምን እንደሚመስል ለመረዳት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቀመጠችው በወላይታ ሶዶ ከተማ የሚኖር አንድ መምህር አለ እንበል። ለመጪው የጊፋታ በዓል ተማሪዎቹ የሚጫወቱት፣ የመጨረሻውን የወላይታ ንጉሥ የካዎ ጦናን ታሪክ የሚያወሳ አጭር ተውኔት ሊጽፍ ተነሥቷል። በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ ከእርሱ በፊት የነበሩ መምህራን ያጠራቀሙት፣ ከባህል ጽሕፈት ቤት በፍላሽ የተገለበጠ፣ ከማን እንደመጣም የማይታወቅ የብዙ ዓመት ጽሑፍ አለ። መምህሩ በፍለጋው ሣጥን ውስጥ «ጦና» ብሎ ጻፈ። መልሱ ባዶ ገጽ ሆነ። ይህ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል? ስለ ካዎ ጦና እዚህ ቤት የተጻፈ ነገር የለም ብሎ ያምናል፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ምንም እንዳልሠሩ ይቆጥራል፤ ምናልባትም በስብሰባ ላይ «በዚህ ርእስ የተሠራ ሥራ ባለመኖሩ» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። አንድ ሽማግሌ የተናገሩት፣ አንድ ባለሙያ በእግሩ ዞሮ የመዘገበው፣ አንዲት ጸሐፊ ሌሊት ተቀምጣ የመታችው ትረካ በዚያች ባዶ ገጽ ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው። ጽሑፉ ግን እዚያው፣ ከመምህሩ እጅ በታች፣ በዚያው ሣጥን ውስጥ ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ሲፈልግ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያሻል። የፋይል ስም መፈለግና የፋይል ውስጥ መፈለግ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያው የመጽሐፍን ጀርባ እያዩ በመደርደሪያው ፊት እንደማለፍ ነው፤ ሁለተኛው እያንዳንዱን መጽሐፍ ገልጦ ቃል በቃል እንደማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ባልደረባ የነበረው ኬን ቶምፕሰን «ግሬፕ» የተባለውን የፍለጋ መሣሪያ ሲሠራ የተከተለው ይህንኑ ሁለተኛውን መንገድ ነበር፦ ፋይሉን ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ማንበብ። ይህ ለጥቂት ፋይል ይበቃል፤ ለመቶ ሺሕ ፋይል ግን ጊዜ ይፈጃል። ስለዚህ የኋላ ኋላ የመጡት መሣሪያዎች ፋይሉን አስቀድመው አንብበው ማውጫ ያዘጋጃሉ፤ ተጠቃሚው ሲጠይቃቸው የሚያዩት ጽሑፉን ሳይሆን ማውጫውን ነው። ይህ ጥበብ አዲስ አይደለም። በ13ኛው ምዕተ ዓመት በፓሪስ የነበሩ የዶሚኒካውያን መነኮሳት በሁግ ዘሳን ሼር መሪነት የላቲኑን መጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ከነቦታቸው ዘርዝረው ማውጫ ሲሠሩ የሠሩት ይህንኑ ነው። በእኛ አገር ጉባኤ ቤት ማውጫው የሚኖረው በመምህሩ ራስ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቃል ቢነሣ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ በቃሉ ይጠቁማል። የራስ ማውጫ አንድ ብልጫ አለው፦ ያላነበበውን መጽሐፍ አላነበብኩትም ይላል።

የኮምፒዩተሩ ማውጫ ወሰን አለው። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ በማውጫው ውስጥ የሚያስገባው በተጠቃሚው ስም የተከፈቱትን ማኅደሮች ነው፤ ሰው ሁሉ «ለጥንቃቄ» ብሎ ዕቃውን የሚያከማችበትን «ዲ» የተባለውን የዲስክ ክፍል፣ እንዲሁም ከውጭ የሚሰካውን ዲስክና ፍላሽ በተለመደው ሁኔታ ትቷቸው ያልፋል። እነዚህ ውስጥ እንዲፈልግ ሲጠየቅ በአብዛኛው የፋይሉን ስም ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ውስጡንም እንዲያነብ ለብቻው መታዘዝ አለበት። የፋይሉ ስም ደግሞ ምንድነው? «አዲስ ሰነድ 3»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «የታረመ የመጨረሻ»። ከዚህም ሌላ፣ ማውጫው ማንበብ የሚችለው አንባቢ የተዘጋጀለትን የፋይል ዓይነት ብቻ ነው። በፔጅሜከር የተዘጋጀ መጽሔት ወይም ብሮሹር፣ ሥራውን የሠራው ፕሮግራም ከኮምፒዩተሩ ከጠፋ ወዲህ፣ ለፍለጋው መሣሪያ ድንጋይ ነው። ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው የወርድ ፋይል ራሱ በውስጡ ተጠቅልሎ የታሸገ በመሆኑ፣ ጥቅልሉን መፍታት የማያውቅ ተራ የፍለጋ መሣሪያ በፋይሉ ውስጥ ካለው ቃል አንዱንም አያይም።

ይህ ሁሉ የትም አገር ያለ ችግር ነው። ለንደን ያለውም ሰው ይገጥመዋል፤ ፈረንጁም አቤት ይላል። በሶዶ፣ በጎንደር ወይም በመቀሌ ያለው ሰው ችግር ግን ከዚህ ይከፋል፤ ምክንያቱም ፊደሉ ወደ ኮምፒዩተር የገባበት መንገድ ጠማማ ነበር።

እንደሚታወቀው 33ቱ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህ በእጅጉ ያልፋል። በቀድሞው የኮምፒዩተር አሠራር ለአንድ ፎንት የተመደበው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን፣ ከዚህም ላይ አንዳንዱ ቦታ አስቀድሞ ለሌላ ሥራ የተያዘ ነበር። በጽሕፈት መኪና ዘመን ኢንጂነር አያና ብሩና ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሰዎች የፊደሉን ብዛት ከቁልፎቹ ማነስ ጋር ለማስታረቅ እንደተጨነቁ ሁሉ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያዎችም ተጨነቁ። መፍትሔም አገኙ፤ ግን እያንዳንዱ የየራሱን አገኘ። አንዱ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፈለው፤ ሌላው የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስመትቶ በገጹ ላይ አገጣጠመው። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪ፣ ብራና፣ ዋሸራ እየተባሉ የሚጠሩት ሥራዎች በዚህ መንገድ ተፈጠሩ። እነዚህን ሰዎች መንቀፍ ኃጢአት ነው፤ የአገሪቱ ጋዜጣ፣ የፈተና ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ውሳኔና የሠርግ ጥሪ ካርድ ለረጅም ጊዜ በእነሱ ትከሻ ላይ ቆሞ ኖሯል።

ዋጋው ግን በኋላ መጣ። በእነዚህ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ነው፤ በውስጡ ግን አማርኛ አይደለም። ኮምፒዩተሩ የያዘው የላቲን ፊደላትና ምልክቶችን ሲሆን፣ ፎንቱ ከላይ የአማርኛ ልብስ አልብሷቸዋል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ፋይሉ ሲከፈት ልብሱ ይወልቅና ትርጉም የሌለው የላቲን ዝብርቅርቅ ይታያል፤ ይህንን ያላየ የመሥሪያ ቤት ሰው የለም። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ ቋሚ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ፤ ፊደሉም ተጨማሪ ፎንት ሳይጫን በገጹ ላይ መነበብ ጀመረ። ይሁን እንጂ ሰው የለመደውን ፎንት በአንድ ቀን አይተውም፤ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የድሮዎቹ ፎንቶች ለዓመታት አገልግለዋል። እንግዲህ የሶዶው መምህር ዛሬ በዩኒኮድ «ጦና» ብሎ ሲጽፍ፣ በ1990ዎቹ በፓወር ግዕዝ የተመታው «ጦና» አይሰማውም። ሁለቱ ቃላት በወረቀት ላይ ቢታተሙ መንትያ ናቸው፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና የለውም። አንድ ሺሕ ገጽ ትረካ በዚህ ምክንያት ድምፁን አጥቶ ሊተኛ ይችላል፤ ያልተቃጠለ፣ ያልተሰረቀ፣ ምስጥ ያልበላው፣ ነገር ግን ቢጠሩት «አቤት» የማይል።

ጽሑፉ በዩኒኮድ ቢሆንስ? ያን ጊዜ ደግሞ የፊደሉና የቋንቋው ጠባይ ይመጣል። የሥራውን ስም ራሱን እንመልከት። «ፍለጋ» የሚለው ቃል ፍ፣ ለ፣ ጋ ነው። «ፈልጎ» የሚለው ደግሞ ፈ፣ ል፣ ጎ ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ሁለቱ የአንድ ቤት ልጆች መሆናቸው አያጠያይቅም፤ ለኮምፒዩተሩ ግን አንድም የጋራ ፊደል የላቸውም! ስለ ፍለጋ የተጻፈን ሁሉ አምጣ ቢሉት፣ ፈልገው ያገኙትን ሰዎች ታሪክ ትቶ ይመለሳል። «ቤት» ያለ «ቤቱን» እና «ቤቶችን» አያገኝም፤ የመጨረሻዋ ፊደል ተለውጣለችና። በላቲን ፊደል ቢሆን ቅጥያው ከግንዱ ጎን ይቆማል እንጂ ግንዱን አይነካውም ነበር፤ በግዕዙ ፊደል ግን ድምፁ በፊደሉ ሥጋ ውስጥ ስለሚኖር፣ ድምፁ ሲለወጥ ሥጋውም ይለወጣል። «ወላይታ» እና «ወላይትኛ»ም እንዲሁ የሚለያዩት በዚሁ ነው።

በቃሉ ራስጌ ያለው ችግር ደግሞ ከግርጌው አይተናነስም። ብዙዎቹ ማውጫዎች የቃልን መነሻ ተከትለው ስለሚሄዱ «ወላይታ» ተብለው ሲጠየቁ «የወላይታን»፣ «በወላይታን»፣ «ከወላይታን»፣ «ስለወላይታን» ትተው ሊያልፉ ይችላሉ። አማርኛ ደግሞ ያለ «የ»፣ ያለ «በ» እና ያለ «ከ» አንድ መስመር እንኳ አይራመድም።

ሞክሼ ፊደላቱስ? «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንድ ሰው በ«ጸ» ወይም በ«ፀ» ሊጀምረው ይችላል፤ መካከለኛዋንም ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ከሚባሉት በአንዷ ሊጽፋት ይችላል። ሲባዛ 12 ዓይነት ፀሐይ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ሥርዓቱን ጠብቃችሁ ጻፉ ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሞክሼዎቹ ይቀነሱ ይላሉ፤ ክርክሩ ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የተጀመረ ነው፤ ገና አላለቀም። ኮምፒዩተሩ ግን የዚህን ክርክር ፍጻሜ አይጠብቅም። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ሕዝብ» እና «ህዝብ»፣ «ዓመት» እና «አመት» ለእርሱ የማይተዋወቁ ባዕዳን ናቸው። አንዱ ጸሐፊ «ዓ.ም.» ይላል፤ ሌላው «ዓ/ም»፤ ሦስተኛው «ዓመተ ምሕረት»። አንዱ አራት ነጥቡን በአንድ ቁልፍ ይመታል፤ ሌላው ሁለት ነጥቡን ሁለት ጊዜ ይደግመዋል። በእጅ ጽሑፍ ዘመን ይህ ሁሉ እንደ መልክ ልዩነት ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ የመገኘትና ያለመገኘት ጉዳይ ሆኗል።

ወላይታ ላይ ሲደርስ ከዚህ ሁሉ የሚከብድ ሌላ ነገር አለ። አገሩ ራሱ በብዙ ስም ተጽፏል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በካዎ ጦና ላይ ሲዘምቱ አብሯቸው ሄዶ ያየውን በመጽሐፍ ያሳተመው የፈረንሳዩ ነጋዴ ቫንደርሃይም አገሩን የሚጠራው «ወላሞ» በሚለው ስም ነው። ከዚያም በኋላ እስከ አብዮቱ ድረስ በመንግሥት መዝገብ ሁሉ ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ወላሞ አውራጃ ሆኖ ቆየ። ሕዝቡ ራሱን በዚህ ስም አይጠራም፤ ስድብ ነውና ይጠላዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ብድር ሥራውን የጀመረው፣ በሶዶ ዙሪያ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለገበሬው ያደረሰው የእርሻ ልማት ድርጅት በአኅጽሮት «ዋዱ» ይባል ነበር። የባንኩ ሰነድ ፕሮጀክቱን የመዘገበው በ«ወላሞ» ስም ሲሆን፣ የኋለኞቹ ጽሑፎች በ«ወላይታ» ይተረጉሙታል፤ የመጀመሪያዋ ፊደል ለሁለቱም አንድ ስለሆነች አኅጽሮቱ ሳይለወጥ ኖረ። ከዚያ አገሩ በሰሜን ኦሞ ሥር ገባ። እ.ኤ.አ. በ2000 ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ አዲስ በተቋቋመው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ታቀፈ፤ ሶዶም የክልሉ መቀመጫ ሆነች።

ስለዚህ «ወላይታ» ብቻ ብሎ የሚፈልግ ሰው ከአብዮቱ በፊት የተጻፈውን አብዛኛውን አያገኝም። በሰሜን ኦሞ ዘመን የተጻፈው የጤና፣ የትምህርትና የድርቅ ሪፖርትም አርባ ምንጭን መቀመጫው ባደረገው መሥሪያ ቤት ስም ተመዝግቦ ተቀምጧል። የአያቶቹን የመሬት ጉዳይ ወይም የአባ ወራዎችን አቤቱታ መከታተል የሚሻ የወላይታ ልጅ የማይወደውን፣ እናቱ ብትሰማው የምታዝንበትን ስም በገዛ እጁ ጽፎ መፈለግ አለበት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም የተነሣ አንድ አደገኛ ፈተና ይመጣል። ኮምፒዩተሩ አንድን ቃል ፈልጎ በሌላ የመተካት ችሎታ ስላለው፣ አሮጌ ሰነድ ሲገለበጥ የጥንቱን ስም ሁሉ በአንድ ትእዛዝ በአዲሱ መተካት ይቻላል። በቅን ልቡና የሚደረግ ነው። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ሕዝቡ በስሙ የተሰደበበት ማስረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ስድቡ እንዳልነበረ ይሆናል። የሚሻለው ጽሑፉን እንደነበረ ትቶ፣ ከአናቱ ላይ «ወላይታ» የሚል አንድ መስመር ማከል ነው። ፍለጋውም ይሠራል፤ ታሪኩም አይነካም።

የወላይትኛው ጽሑፍ ጉዳይ ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላይትኛ ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ነበር፤ የማስተማሪያ መጻሕፍቱም የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነው። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ቋንቋው በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ስለዚህ አንድ ተረት፣ አንድ የሥራ ዘፈን፣ አንድ ምሳሌያዊ አነጋገር በአያትየው ዘመን በአንድ ፊደል፣ በልጅ ልጁ ዘመን በሌላ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። በአንዱ ሲፈልጉ ሌላው ዝም ይላል። በግዕዙ አጻጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ አይለይም፤ በላቲኑ አጻጻፍ የሚጠብቀው ፊደል ይደረባል፣ የሚረዝመውም አናባቢ ይደገማል። እንግዲህ የአገሩ ስም ብቻ እንኳ በላቲን ሲጻፍ አንዱ ጸሐፊ «ታ»ዋን ያጠብቃታል፣ ሌላው ይተዋታል፤ መካከለኛዋንም ድምፅ አንዱ በ«ዋይ» ሌላው በ«አይ» ይጽፋታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ በጀመረው በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንኳ በእንግሊዝኛ የሚጻፉት ጥናቶች በአንድ አጻጻፍ ይስማማሉ ማለት ያስቸግራል።

ወደ ካዎ ጦናም ስንመለስ፣ በወላይትኛው የላቲን አጻጻፍ የ«ጦ» ድምፅ የሚጻፈው እንግሊዞች «ኤክስ» በሚሏት ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ግን ንጉሡ በ«ቲ» ይጻፋሉ። ስለዚህ አንድ ንጉሥ በሦስት በር ይጠራሉ፤ አንዱን ያንኳኳ የሁለቱን አያይም። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ ከወላይትኛ፣ ከጋሞኛ፣ ከጎፍኛና ከዳውሮኛ የተቀላቀለው «ወጋጎዳ» የተባለው የመማሪያ መጽሐፍ በሶዶ ታላቅ ተቃውሞን አስነሥቶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶ፣ መጽሐፉ ተነሥቷል። ሕዝቡ ያን ጊዜ የተቆጣው ቃሉ ቃሉን ስላልመሰለው ነበር። ኮምፒዩተር ያንን መጽሐፍ ቢሰጡት የትኛው ቃል የማን እንደሆነ አያውቅም፤ የወላይታ ሕፃን ግን ያውቅ ነበር።

እስካሁን የተነገረው ስለ ፊደልና ስለ ስም ነው፤ የትርጉም ነገር ገና አልተነካም። «እንሰት» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ኮባ» የሚለውን፣ «ቆጮ» የሚለውን፣ በወላይትኛ «ኡታ» የሚለውን አያገኝም፤ ገበሬው ግን ስለ አንድ ተክል ነው የሚናገረው። ረሃብን የሚፈልግ ሰው «የምግብ እጥረት» በሚል የቢሮ ቋንቋ የተጻፈውን ሪፖርት ያልፈዋል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የኮምፒዩተሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገሩን በስሙ አለመጥራት የሰው ሥራ ነው።

በፎቶግራፍ መልክ ስለተነሡ ሰነዶች ብዙ ማለት አያስፈልግም። በስልክ ካሜራ የተነሣ ደብዳቤ ለኮምፒዩተሩ የጥላና የብርሃን ነጠብጣብ ነው። ሥዕሉን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ክፍያ የማይጠየቅበት «ቴሰራክት» የተባለው አማርኛም ያነባል፤ ነገር ግን በደበዘዘ የጽሕፈት መኪና ቀለም ወይም በእጅ ጽሑፍ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል። የሽማግሌዎች ድምፅ የተቀዳበት ካሴት ወደ ኮምፒዩተር ቢገለበጥም፣ ከፋይሉ ስም በቀር የሚፈለግበት ነገር የለውም። ስሙም «ቅጂ 001» ከሆነ ጨዋታው አበቃ። ማን ተናገረ፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ስለምን የሚሉትን በአንድ ገጽ ጽፎ ከድምፁ ጎን ማስቀመጥ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ያቺ ሰዓት ግን ሁልጊዜ ነገ ትሆናለች።

በየባህል ጽሕፈት ቤቱ ያለ ኃላፊ ለአዲስ ኮምፒዩተር መግዣ በጀት ሲጠይቅ ይሰማል፤ ለአሮጌው ጽሑፍ መለወጫ በጀት የሚጠይቅ ግን ብዙም አይሰማም። አሮጌውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ የሚለውጡ መሣሪያዎች ተሠርተዋል፤ ሥራቸውም ያረካል። ነገር ግን አንድ ነገር ይጠይቃሉ፦ ጽሑፉ በየትኛው ፎንት እንደተመታ። ፋይሉ የፎንቱን ስም ከያዘ መልካም ነው። ካልያዘ፣ ወይም ጽሑፉ ተገልብጦ ተለጥፎ ስሙን ካጣ፣ በገጹ ላይ ያለውን የላቲን ዝብርቅርቅ አይቶ «ይህ የቪዥዋል ነው፣ ያኛው የዋሸራ ነው» ብሎ የሚለይ ዐይን ያስፈልጋል።

ያ ዐይን ያላቸው በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በየመሥሪያ ቤቱ «ጸሐፊ» ተብለው የተቀጠሩ፣ በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በገጽ ሒሳብ ሲመቱ የኖሩ፣ ቁልፎቹን ሳያዩ ጣቶቻቸው የሚያውቁላቸው። የማመልከቻውንም፣ የፈተናውንም፣ የዘፈኑንም ግጥም የመቱት እነሱ ናቸው፤ ስማቸው ግን ከሥራው በታች አልተጻፈም፤ ከተጻፈም በገጹ ግርጌ በሁለት ፊደል ነው። አንዳንዶቹ ጡረታ ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ሶዶን ለቀው ወደ ልጆቻቸው ዘንድ ሄደዋል። በቦዲቲ፣ በአረካ ወይም በገሱባ ከተማ ከእነዚህ አንዷን ፈልጎ፣ ከአሮጌ ዲስክ የወጣውን ያልታወቀ ፋይል አንዱን ገጽ አትሞ ቢያሳዩዋት፣ መነጽሯን አስተካክላ ጥቂት ትመለከተዋለች፤ ከዚያም ጣቶቿን በጠረጴዛው ላይ እንደ ድሮው መትታ ትሞክረዋለች።